አራተኛ ፎቅ ላይ ሁለት መቶ ወንበር፦ የወለል አገልግሎትና የጣሪያ ውሃ ነገር በደብረ ብርሃን

ባለፈው ጥር የሠርግ መልስ ተጠርቼ ደብረ ብርሃን ውስጥ አንድ ባለ አራት ፎቅ ሕንፃ ላይ ወጣሁ። ስሙ ይቅር። ሊፍቱ ጉድጓዱ ብቻ ነው ያለው፤ አፉ በጣውላ ተመትቷል። ያለችው አንዲት ደረጃ ናት፤ ሁለት ሰው ጎን ለጎን ሲወጣ ሦስተኛው ግድግዳ ተደግፎ ያሳልፋል። አራተኛው ፎቅ ሲደረስ ግን ሌላ ዓለም ነው። ጣሪያው በሰሌንና በቀርከሃ ተሸፍኗል፣ ዳር ዳሩን ስፖንጅ የተሞላ መደብ ዞሯል፣ መሀል ላይ ሦስት ቦታ የከሰል ምድጃ ይነዳል። ውጭ ውርጭ ነውና ምድጃውን የሚጠላ የለም። እኔም ጠጋ ብዬ ሞቅሁ።

የሙያ አመል ሆኖብኝ ወንበር እቆጥራለሁ። ሁለት መቶ ሞላ። ቀጥሎ ሁለተኛ በር ፈለግሁ። ከኩሽናው ጀርባ አለ፤ የቢራ ሳጥን እስከ ወገቡ ተደርድሮበት በቁልፍ ተዘግቷል። አስተናጋጇን «እህቴ፣ የዚህ ቁልፍ የት ነው?» ብላት «ማናጀሩ ጋ ነው፤ ዛሬ ግን አልገባም» አለችኝ።

የዚህን ሕንፃ ፕላን አውቀዋለሁ። አራተኛው ወለል ላይ የተጻፈው «ቢሮ» የሚል ነው። 20 ሜትር በ14 ሜትር ክፍት ወለል፣ አንድ ደረጃ፣ ሁለት መጸዳጃ ቤት። ለቢሮ አያንስም። ቢሮ የሚከራይ ሰው ግን ሁለት ዓመት ተጠብቆ አልመጣም፤ ክትፎና ጭፈራ ደግሞ ተከራይ አያጡም። እንዲህ ነው ነገሩ የሚለወጠው፦ ማንም ሳያፈርስ፣ ማንም ሳይገነባ፣ ወንበር ብቻ እየገባ። ከተማዋ የሪጂኦፖሊታን ደረጃ ከያዘች ወዲህ የሚወጡትን ፎቆች ልብ ብሎ ያየ ሰው ታሪኩን ያውቀዋል። ምድር ቤቱ ሱቅ፣ አንደኛው ባንክ፣ ሁለተኛው ክሊኒክ፣ ሦስተኛው ኮሌጅ ሆኖ ይጀመራል። ከሦስት ዓመት በኋላ ቢመለሱ ክሊኒኩ ፔንሲዮን፣ ኮሌጁ ላውንጅ ሆኗል።

ምድቡ ለማን ነው?

የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624/2001 ሕንፃዎችን በሦስት ምድብ ከፍሎ ነበር ያስለመደን። አነስተኛው ምድብ «ሀ» ነው፤ ተራ መኖሪያ ቤት እዚያ ይገባል። መካከለኛው «ለ» ነው። ምድብ «ሐ» የሕዝብ መገልገያና የተቋም ሕንፃዎችን፣ ፋብሪካና ወርክሾፕን፣ እንዲሁም ከፍታው ከ12 ሜትር የሚበልጥን ማንኛውንም ሕንፃ ይይዛል፤ የመጠቀሚያ ፈቃድ ሳይወጣለትም አገልግሎት መስጠት አይገባውም። ምድቡ ከባድ ሥራ ይሠራል። ማን እንደሚነድፍ፣ ማን እንደሚቆጣጠር የሚታወቀው በእሱ ነው።

ነገር ግን ምድቡ የሚለጠፈው በሙሉ ሕንፃው ላይ ነው። ሠርጉን የበላንበት ሕንፃ ቢሮ በነበረ ጊዜም ምድብ «ሐ» ነው፣ ሁለት መቶ ሰው ሲጨፍርበትም ምድብ «ሐ» ነው። ከወረቀቱ ላይ የተነቃነቀ ፊደል የለም። እውነቱን ለመናገር ይህ አከፋፈል የሕንፃውን ክብደት ነው የሚለካው፤ ለግንበኛው ደረጃ ያወጣል እንጂ እሳቱን አያውቀውም።

ብዙ አገሮች የሚመለከቱት፣ በአሜሪካ የሚዘጋጀው ዓለም አቀፍ የሕንፃ ኮድ የሚነሳው ከሌላ ጫፍ ነው። እዚያ የመጀመሪያው ጥያቄ «እዚህ ወለል ላይ ማን አለ? ምን ያደርጋል?» የሚል ነው። መልሱ የአገልግሎት ምድብ ይባላል። ሰው ለመብላት፣ ለመጸለይ፣ ለመጨፈር የሚሰበሰብበት ቦታ አንድ ነው፤ ቢሮ ሌላ፤ ሱቅ ሌላ፤ ትምህርት ቤት፣ ሆስፒታል፣ መኖሪያ፣ መጋዘን ሁሉም የየራሳቸው ፊደል አላቸው። አንድ ሕንፃ አምስት ፎቅ ካለው አምስት ፊደል ሊይዝ ይችላል።

ከዚያ ቁጥሩ ይመጣል። ኮዱ ለቢሮ በሰው 14 ካሬ ሜትር ገደማ ይይዛል። ጠረጴዛና ወንበር ለተደረደረበት ምግብ ቤት 1.4 ካሬ ሜትር ነው። ወንበር ብቻ ለተደረደረበት አዳራሽ 0.65። አሁን ወደዚያ 280 ካሬ ሜትር ወለል እንመለስ። ቢሮ ሆኖ 20 ሰው። ምግብ ቤት ሆኖ 200። ጠረጴዛው ተነስቶ ስብሰባ ሲደረግበት 430። ግድግዳው፣ ደረጃው፣ በሩ ያው ነው፤ በዚያች ደረጃ የሚወርደው ሕዝብ ግን አሥር እጥፍ፣ ሃያ እጥፍ ሆኗል። ኮዱ ደግሞ 50 ሰው ላይ መስመር ያሰምራል። ከ49 ካለፈ መውጫው ሁለት ይሆናል፤ የመሰብሰቢያ ቦታ ሲሆን በሩ ወደ ውጭ የሚከፈትና ቁልፍ ሳይፈለግ ገፋ ሲያደርጉት የሚለቅ መሆን አለበት። ከ50 በታች የሆነች ትንሽ ካፌ ግን እንደ ቢሮ ነው የምትቆጠረው፤ አንድ በር ይበቃታል።

ላይ ሲወጣ ሕጉ ለምን ይጠነክራል?

ስፕሪንክለር ሲባል ለሰሜን ሸዋ ሰው መጀመሪያ የሚታየው የመስኖው ነው። ኮርኒስ ላይ ተገጥሞ እሳት ሲነሳ ውሃ የሚረጨውም ዘመዱ ነው፤ ልዩነቱ እሳት እስኪነሳ ተዘግቶ የሚቆይ መሆኑ ነው። እሱን የሚያስገድደው ደንብ ውስጥ አብዛኛው ባለቤት የማይጠብቀው ነገር አለ።

በዚያው ኮድ ምግብና መጠጥ ቤት ምድር ቤት ላይ ከሆነ፣ ሰው ከ100 በታች ከሆነና ስፋቱም ከ464 ካሬ ሜትር ካላለፈ፣ ይህ ደንብ ብቻውን የጣሪያ ውሃ አያስገድደውም። ያው ምግብ ቤት፣ ያው 80 ወንበር፣ አንድ ፎቅ ወደ ላይ ሲወጣ ግን ይገደዳል። ቁጥሩ አልተለወጠም፤ የተለወጠው ወደ ውጭ በቀጥታ የማይወጣበት ወለል ላይ መሆኑ ነው። ምድር ቤት ያለ ሰው መስኮትም ቢሆን ሰብሮ ይወጣል። አራተኛ ፎቅ ላይ ያለው ግን ያለችው ደረጃ ናት፤ ጭስ ደግሞ ደረጃን እንደ ጭስ ማውጫ ነው የሚጠቀምባት።

ሕጉ እዚህ የደረሰው በሰው ሬሳ ላይ ተረማምዶ ነው። በ1911 (በፈረንጅ አቆጣጠር) ኒው ዮርክ ውስጥ ትራያንግል በተባለ የልብስ ፋብሪካ በተነሳ እሳት 146 ሠራተኞች ሞቱ። ፋብሪካው ስምንተኛ፣ ዘጠነኛና አሥረኛ ፎቅ ላይ ነበር፤ አንዱ መውጫ በር ተቆልፏል፤ የእሳት አደጋ ሠራተኞች መሰላል ከስድስተኛ ፎቅ በላይ አልደረሰም። በ2003 (ይህም በፈረንጅ) ደግሞ እዚያው አሜሪካ፣ ሮድ አይላንድ ውስጥ ስቴሽን በተባለ ጭፈራ ቤት ለድምፅ መከላከያ ግድግዳ ላይ የተለጠፈ ስፖንጅ ከመድረክ ርችት እሳት ይዞ 100 ሰው ጨረሰ። ያ ቤት ባለ አንድ ፎቅ ነበር፤ ስፕሪንክለር አልነበረውም። ለምግብና መጠጥ ቤት የተሰመረው የ100 ሰው መስመር ከዚያ አደጋ በኋላ ነው የተሰመረው፤ ቀድሞ 300 ነበር። ስፖንጅ እንዴት እንደሚነድ ማየት የፈለገ ቁራጭ ወስዶ ደጅ ላይ ክብሪት ይጫርበት። እኛ ጋ የምንቀመጥበት መደብ ውስጥ ያለውም ስፖንጅ ነው፤ ምድጃው ደግሞ አንድ ክንድ ፈቀቅ ብሎ ነው የተቀመጠው።

ሌላው አስገራሚ ነገር ደንቡ በላይኛው ፎቅ ብቻ አለመቆሙ ነው። ምግብ ቤቱ አራተኛ ላይ ከሆነ መርጫው አራተኛ ላይ ብቻ ሳይሆን ከዚያ በታች ባሉት ፎቆች ሁሉ፣ መውጫው በር እስካለበት ወለል ድረስ ይዘረጋል። ምክንያቱ ግልጽ ነው፦ ከላይ የሚወርደው ሁለት መቶ ሰው በሦስተኛው፣ በሁለተኛው፣ በአንደኛው አልፎ ነው የሚወርደው፤ እሳቱ ከታች ሱቅ ቢነሳ የላዮቹ መንገድ ይዘጋል። ክርክሩም እዚህ ላይ ነው የሚነሳው። ላይኛውን ፎቅ ለክትፎ ቤት ያከራየው ባለቤት የባንኩን፣ የክሊኒኩንና የሱቁን ኮርኒስ ሊከፍት ነው። ማን ይከፍላል? አገልግሎቱን የለወጠው ተከራይ? ኪራዩን የሚበላው ባለቤት? በእኛ የኪራይ ውሎች ውስጥ «ተከራይ የሕንፃውን አገልግሎት ቢለውጥ» የሚል አንቀጽ ከኖረ፣ ስለ ቀለምና ስለ ግድግዳ እንጂ ስለ እሳት የሚናገር አይደለም።

ስለ ሌሎቹ በአጭሩ። ኮሌጅ፣ ከ12ኛ ክፍል በላይ ስለሆነ፣ በዚያ ኮድ ከቢሮ ጋር ነው የሚመደብ፤ ትልቅ የትምህርት አዳራሽ ካለው ግን አዳራሹ እንደ መሰብሰቢያ ይታያል። ፔንሲዮንና ሆቴል ምድር ቤትም ይሁን ላይ፣ ሰው የሚያድርበት በመሆኑ ሙሉ በሙሉ ስፕሪንክለር ይፈልጋል። ሕመምተኛ ራሱን ችሎ መውጣት የማይችልበት፣ ማደንዘዣ የሚሰጥበት ክሊኒክ ላይ ፎቅ ከሆነ ስፕሪንክለር ለማስገደድ አንድ ታካሚ እንኳ ይበቃል፤ ምድር ቤት ሲሆን አራት እስኪሞላ ይታገሣል።

በዚህ ዞን አንድ የማልረሳው ፈተና ደብረ ሲናና አንኮበርን የመሳሰለ ተዳፋት ነው። ቤቱን ከላይኛው መንገድ ሲገቡበት ምድር ቤት ነው፤ ከታችኛው መንደር ሲያዩት ሦስተኛ ፎቅ ነው። ታዲያ ምኑ ነው? ኮዱ ሁለቱንም ይላል። በቀጥታ ወደ ውጭ የሚያስወጣ በር ስላለው ለመውጫ ደንቡ እንደ ምድር ቤት ይታያል። ሕንፃው «ረጅም» ነው ወይ ተብሎ ከፍታው ሲለካ ግን የሚለካው የእሳት አደጋ መኪና ሊደርስበት ከሚችለው ዝቅተኛ ቦታ ነው። ከዚያ ተነስቶ ሰው የሚጠቀምበት ወለል ከ22.86 ሜትር በላይ ከሆነ ሕንፃው በረጅም ሕንፃ ደንብ ይገዛል፤ ያኔ አገልግሎቱ ምንም ይሁን ስፕሪንክለር ግዴታ ነው።

ውሃው ከየት ይመጣል?

ብዙ ባለቤቶች ስፕሪንክለርን የሚፈሩት በፊልም ባዩት ነው። አንድ ሰው ሲጋራ ለኮሰ ተብሎ ፎቁ በሙሉ በውሃ ይጥለቀለቃል ብለው ነው። እንደዚያ አይደለም። እያንዳንዱ መርጫ አፉ ላይ የጣት ጫፍ የምታህል፣ ፈሳሽ የሞላባት የመስታወት ብልቃጥ አለች። የተለመደችው ቀይ ናት፤ 68 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ላይ ትሰበራለች፣ ውሃው ይለቀቃል። ሌሎቹ አይነኩም። አብዛኛውን እሳት የሚቆጣጠረው አንድ ወይም ሁለት መርጫ ነው፤ አንዱ በደቂቃ ከ60 ሊትር አካባቢ ጀምሮ ይረጫል። የከሰል ጭስ አያስነሳውም፤ የሚያውቀው ሙቀትን ብቻ ነው።

ከባዱ ጥያቄ ሌላ ነው። በፈረቃ ውሃ ለሚያገኝ ከተማ ስፕሪንክለር ምን ያደርግለታል?

ሒሳቡ እንዲህ ነው። ለምግብ ቤት መቀመጫ ክፍል የሚሠራበት መስፈርት በደቂቃ 4.1 ሚሊ ሜትር ውሃ በ139 ካሬ ሜትር ላይ፣ ለ30 ደቂቃ ነው። ይህ 17,000 ሊትር ያህል ይሆናል፤ ለኩሽናው ተጨማሪ፣ ለእሳት አደጋ ቱቦ ሌላ ተጨማሪ። ጣሪያ ላይ ያለች ባለ አምስት ሺህ ሊትር ሮቶ ለመጸዳጃ ቤት ስታገለግል ውላ ማታ ሩቧ ከቀረች ደግ ነው። ስለዚህ ለእሳት ብቻ የተለየ፣ ማንም የማይቀዳው ታንከር ያስፈልጋል። ከተማው ውሃ ቢያመጣም ባያመጣም ያ ሞልቶ ይቆማል፤ ስፕሪንክለር ከፈረቃ ጋር የሚታረቀው በዚህ ብቻ ነው።

ሮቶው ጣሪያ ላይ ከሆነ ደግሞ የግፊት ነገር ይመጣል። አንድ መርጫ በቅጡ ለመርጨት ቢያንስ የአምስት ሜትር ውሃ ክብደት ግፊት ይፈልጋል። ሮቶው ከአራተኛው ፎቅ ጣሪያ አንድ ሁለት ሜትር ከፍ ብሎ ነው የሚቀመጠው። ውጤቱ የተገላቢጦሽ ነው፦ ምድር ቤቱ ጥሩ ግፊት ያገኛል፣ ከሁሉ በላይ የሚያስፈልገው ላይኛው ፎቅ ላይ ግን ውሃው ይንጠባጠባል። ስለዚህ ፓምፕ። መብራት በሚሄድበት ከተማ የእሳት ፓምፕ ደግሞ የናፍጣ ሞተር ወይም ጀነሬተር ይጠይቃል። ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,800 ሜትር ላይ ያለች ናት፤ አየሩ ስስ ነው። ሞተሩ በካታሎጉ ላይ ከተጻፈለት ጉልበት ሩብ ያህሉን እዚህ ያጣል። ካታሎግ አይቶ «ይበቃል» ብሎ የገዛ ሰው የሚያጥረው ሩብ የቱ ጋ እንደሆነ የሚያውቀው እሳት ሲነሳ ነው።

ውርጩም አለ። ውሃ ሞልቶ የሚቆም መስመር በዙሪያው ከ4 ዲግሪ በታች መውረድ የለበትም። ሰው ያለበት ሞቃት ክፍል ውስጥ ችግር የለም። ከጣሪያው ታንከር በውጭ ግድግዳ የሚወርደው ቱቦ፣ በላስቲክ የታጠረው የሩፍቶፕ ቴራስ፣ ክፍቱ ደረጃ ግን በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት የሚሆኑትን የከተማው ሰው ጠዋት ቧንቧ ሲከፍት ያውቀዋል። በረዶ የዘጋው መስመር ውሃ አያሳልፍም፤ ሲቀልጥ ደግሞ መገጣጠሚያው ተሰንጥቆ ይገኛል። መፍትሔው ቱቦውን መሸፈን ወይም ደረቅ መስመር መዘርጋት ነው። ደረቁ ውስጡ የታመቀ አየር ይዞ ይቆማል፤ መርጫው ሲከፈት አየሩ ይወጣና ውሃው ከኋላ ይከተላል። ዘግየት ይላል፣ ዋጋውም ከፍ ይላል።

ጣርማበርን ተሻግሮ ሸዋ ሮቢት የወረደ ሰው ጉዳዩ ተገልብጦ ያገኘዋል። እዚያ ከፍታው ወደ 1,300 ሜትር ነው፣ ሞተሩ ይተነፍሳል፣ ውርጭ የሚባል የለም። ግን ቀዩ ብልቃጥ የተሠራው ኮርኒሱ አካባቢ ሙቀቱ ከ38 ዲግሪ ለማያልፍ ቦታ ነው። ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር፣ በሚያዝያ እኩለ ቀን፣ ይህን ማለፍ ቀላል ነው። ያለ እሳት እንዳይፈነዳ ከፍ ባለ ሙቀት የሚሰበር፣ ለምሳሌ የ93 ዲግሪው አረንጓዴ፣ መግባት አለበት። አንድ አቅራቢ ለሁለቱም ከተሞች ያንኑ ካርቶን ከላከ በአንዱ ተሳስቷል ማለት ነው።

ታዲያ ሁሉም ፎቅ ነገውኑ ስፕሪንክለር ይግባበት ልል አይደለም። እንዲህ ብል አብዛኛው ባለቤት ጣሪያው ላይ ውሃ የሌለበት ቱቦ ሰክቶ ወረቀቱን ያስጨርሳል፤ ያ ደግሞ ከምንም የከፋ ነው፣ ሰው ያምነዋልና። የኔ ቅደም ተከተል ይህ ነው። አገልግሎቱ በፎቅ በፎቅ ይጻፍ፤ «ምድብ ሐ» ብቻ ሳይሆን «አራተኛ ፎቅ፣ ቢሮ፣ 20 ሰው» ተብሎ። ያ ወረቀት በሩ ላይ ይለጠፍ። ሁለተኛ መውጫ የሌለው ላይኛ ፎቅ 50 ሰው አይግባበት። አዲስ የሚሠራ ፎቅ ላዩ አዳራሽ ይሆናል ከተባለ የቱቦው መተላለፊያና የታንከሩ ቦታ ከፕላኑ ይጀምር፤ ኋላ ኮርኒስ ከመክፈት ያኔ ቀዳዳ መተው ርካሽ ነው። አዲስ አበባ ላይ በጥቅምት 2017 ሸማ ተራ ከነደደ በኋላ ብዙ ተወርቶ ነበር። የተወራው ግን ስለ መኪና መግቢያ መንገድ ነበር፤ ስለ ፎቁ አገልግሎት ብዙም ሲነሳ አልሰማሁም።

ከመልሱ በኋላ የሕንፃውን ባለቤት ምድር ቤት፣ የሶፋ ሱቁ ውስጥ አገኘኋቸው። ሰምተው ሲጨርሱ «ልጄ፣ ታዲያ ባቀያይራቸውስ? ሶፋውን ላይ፣ ምግቡን ታች» አሉኝ።

«ጋሼ፣ ሶፋው ላይ ቢወጣ በዚያው ኮድ ከሦስት ወለል በላይ የሚወጣ ሱቅም ስፕሪንክለር ይጠየቃል።»

«እሺ፣ ላዩ ቢሮ ይሁን፤ ምግቡ ታች?»

«ታችም 200 ሰው ከሆነ ይጠየቃል። ግን ከአምስት ወለል ይልቅ ለአንድ ወለል ይሆናል። ከጣሪያው ሮቶ ምድር ቤት ድረስም 15 ሜትር ቁልቁለት አለ፤ ግፊቱ ያግዝዎታል። ወንበሩን ከ100 በታች ካደረጉት ደግሞ ጭራሽ ላይጠየቅ ይችላል።»

«የምድር ቤት ኪራይ ስንት እንደሆነ ታውቃለህ?» ብለው ሳቁ። አወቅሁ፤ እኔም ሳቅሁ። ቢያንስ የቢራውን ሳጥን አስነሱልኝ አልኳቸው። ለማናጀሩ እነግረዋለሁ አሉ።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ለሌላ ጉዳይ ሄጄ ላይ ወጣሁ። ሳጥኑ ተነስቷል። ቁልፉ አሁንም ማናጀሩ ጋ ነው።